የወይብ ሸለቆን በየወቅቱ ለመጎብኘት፦ ከዲንሾ እስከ ሳነቴ

«ወደ ባሌ ተራሮች መቼ ልሂድ?» ብሎ ለሚጠይቅ ሰው የሚሰጠው መልስ ሁልጊዜ ያው ነው፤ ከጥቅምት እስከ ጥር ሂድ ይሉታል። መልሱ ሐሰት ባይሆንም ጎደሎ ነው። በጥቅምት ለአበባው የሚሄድና በጥር ለቀይ ቀበሮ ቡችሎች የሚሄድ ሰው የሚይዙት ልብስ፣ የሚነሡበት ሰዓት፣ የሚመርጡት መንገድ ሁሉ ይለያያል። ስለዚህ ነገሩን ከሌላው ጫፍ እንጀምረው። መጀመሪያ ምን ማየት እንደሚፈልጉ ይወስኑ፤ ወሩ ከዚያ ይወጣል።

ሸለቆው የሚገኘው በባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ፣ ከዲንሾ ከተማ በስተ ደቡብ ምዕራብ ነው። ሸለቆ ሲባል ግራና ቀኙ ገደል የሆነ ጠባብ ቦታ የሚታየው ሰው ይኖራል። ወይብ ግን 3,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የተንጣለለ ሰፊ ሜዳ ነው፤ ዳር ዳሩን ከጥንት እሳተ ገሞራ የቀሩ ድንጋያማ ኮረብቶች ከበውት ወንዙ በመካከሉ እየተጠማዘዘ ይወርዳል። ፓርኩ በ1962 ዓ.ም. የተቋቋመ ሲሆን በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ስፋቱ ከ2,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ስለሆነ በአንድ ጉዞ ሁሉን ላዳርስ ማለት ድካም ነው። እዚህ የምናነሣቸው ዲንሾንና አጠገቡ ያለውን የጋይሳይ ሣር ሜዳ፣ የወይብን ሸለቆ፣ የሳነቴን አምባና ከአምባው በስተ ደቡብ ቁልቁል የሚወርደውን የሐረና ጫካ ብቻ ነው።

ደረጃ 1፦ ወቅቱን መምረጥ

ከሁሉ አስቀድሞ መታወቅ ያለበት፣ የባሌ ዝናብ ከሰሜኑ ዝናብ ጋር እኩል የማይሄድ መሆኑ ነው። ሰሜኑ ላይ መስቀል ካለፈ ሰማዩ ይጠራል። ባሌ ላይ ግን ዝናቡ በመጋቢት ይጀምርና አንዴ በሚያዝያ፣ አንዴ በነሐሴ እየበረታ እስከ ጥቅምት ይዘልቃል። የሮቤና የጎባ ገበሬ በበልግም በመኸርም የሚያመርተው በዚህ ምክንያት ነው። አዲስ አበባ ላይ ሰማዩ ስለጠራ ብቻ ሻንጣ ማንሣት የማያዋጣውም ለዚሁ ነው።

መፀው (ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25)። ሁለት ፊት ያለው ወቅት ነው። በመጀመሪያው ወር ሜዳው ገና ጭቃ ነው፣ ከሰዓት በኋላም ዝናብ ሊመጣ ይችላል፤ ነገር ግን ሣሩ ለምልሞ፣ ወንዙ ሞልቶ፣ ፏፏቴው በሙሉ ኃይሉ ሲወርድ የሚታየው ያን ጊዜ ነው። ራሱ እንደ ተለኮሰ ችቦ ቀልቶ የሚቆመው ባለ ረጅም አገዳ አበባም ዝናቡ ሊያበቃ ሲል ሜዳውን ይሞላዋል። ከኅዳር አጋማሽ በኋላ መንገዱ ይደርቃል፣ አየሩም ይጠራል፣ ብርዱ ግን ገና አልከፋም። በሕይወቴ አንድ ጊዜ ብቻ ነው የምሄደው ለሚል ሰው የምመክረው ይህንኑ ነው፤ ከኅዳር አጋማሽ እስከ ታኅሣሥ አጋማሽ ያለውን ጊዜ። ሐረና ውስጥ የጫካ ቡና ቀልቶ የሚለቀመውም በዚሁ በመፀው ስለሆነ ጉዞውን እስከዚያ ላስረዝም የሚል ሰው ሁለቱን ያጣጥማል።

በጋ (ከታኅሣሥ 26 እስከ መጋቢት 25)። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። በጋ ስለሆነ ይሞቃል ብሎ ስስ ብርድ ልብስ ይዞ ይመጣል። እውነቱ ግን ተቃራኒው ነው፤ በዓመቱ ውስጥ ሌሊቱ እጅግ የሚበርደው በበጋ ነው። በክረምት ደመናው ምድሩን እንደሸፈነው ስለሚያድር ቀን የተጠራቀመው ሙቀት ቶሎ አያመልጥም። በበጋ ሰማዩ ወለል ብሎ ያድራል፣ ሙቀቱም ፀሐይ እንደጠለቀች ይበተናል። ሳነቴ ላይ ሌሊት ከዜሮ በታች 15 ዲግሪ ሴልሺየስ የተመዘገበበት ጊዜ አለ፤ በማግስቱ ቀትር ላይ ግን ሸሚዝ ብቻ ለብሶ መሄድ ይቻላል። ንጋት ላይ ሣሩን አመዳይ ሸፍኖት፣ ከድንኳን ውጭ ያደረ የውኃ ጠርሙስ በረዶ ሆኖ ይገኛል። ውኃውን ከመኝታ ከረጢት ውስጥ አቅፈውት ይደሩ።

ለዚህ ሁሉ ብርድ የሚከፈለው ካሣ ግን አለ። ቀይ ቀበሮ በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ ይራባል፤ የሚገናኙት ከነሐሴ እስከ ኅዳር፣ የሚወልዱት ደግሞ ከጥቅምት እስከ ጥር ባለው ጊዜ ነው። ቡችሎቹ ከጉድጓዳቸው ብቅ የሚሉት ከተወለዱ ሦስት ሳምንት ገደማ በኋላ ስለሆነ በበጋ ሜዳው ላይ ሲላፉ የማየት ዕድል አለ። ከአውሮፓና ከእስያ ብርድ ሸሽተው የመጡ ንስሮችና ጭልፊቶችም አየሩን ይሞሉታል። በየካቲትና በመጋቢት ሣሩ ቢጫ ይሆናል፣ አየሩም በአቧራና በጭጋግ ይደበዝዛል። የአስታው ቁጥቋጦ በዚህ ጊዜ ክብሪት የሚጠብቅ ማገዶ ስለሆነ ከተፈቀደው ቦታ ውጭ እሳት ማንደድ ፈጽሞ አይታሰብ፤ በአንድ የሲጋራ ቁራጭ የተነሣ ቃጠሎ ለቀናት ሊዘልቅ ይችላል።

በልግ (ከመጋቢት 26 እስከ ሰኔ 25)። ከዝናቡ ጋር ተስማምቶ መኖር ለሚችል ሰው የተናቀ ግን ጥሩ ወቅት ነው። ጠዋቱ ብዙውን ጊዜ ብሩህ ነው፤ ደመናው የሚከመረው ከቀትር በኋላ ነው። ስለዚህ መንገድ የሚጀመረው ገና ሲነጋ፣ 12 ሰዓት ተኩል ላይ መሆን አለበት፤ 8 ሰዓት ከመሆኑ በፊትም ድንኳን ተተክሎ፣ ዙሪያው የውኃ መውረጃ ቦይ ወጥቶለት ማለቅ አለበት። ጎብኚው ጥቂት ስለሆነ መሪም ፈረስም እንደ ልብ ይገኛል። ከሮቤ ወዲያና ወዲህ ያለው የስንዴና የገብስ ሜዳ ታርሶ ጥቁር፣ ከዚያም በቅሎ አረንጓዴ ሆኖ የሚታየው በዚህ ወቅት ነው።

ክረምት (ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25)። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሄድ ሰው በክረምት ወደ ሸለቆው ውስጥ ባይገባ ይሻለዋል። ጭጋጉ ሳይታሰብ ይወርዳል፣ ከዝናቡ ጋር በረዶ ይጥላል፣ ወንዙን በፈረስ መሻገርም አደገኛ ይሆናል። ወፍ መመልከት የሚወድ ሰው ግን ይህን ምክር ባይሰማም አልፈርድበትም። ከአገጩ ሥር ቁራጭ ሥጋ የሚንጠለጠልበት፣ ክሬን የሚባለው ባለ ረጅም እግር ትልቅ ወፍ እርጥበት ባለው የአምባው ሜዳ ጎጆውን የሚሠራው በዝናቡ ጊዜ ነው፤ የሳነቴ ትንንሽ ኩሬዎች ሞልተው፣ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ደጋ በቀር በሌላ አገር የማይገኘው ባለ ሰማያዊ ክንፍ ዝይ በየዳራቸው ሲግጥ ይታያል። በክረምት መሄድ የግድ ከሆነ ዲንሾ ላይ አርፎ፣ ጋይሳይን በእግር፣ ሳነቴን በመኪና ማየት በቂ ነው።

ደረጃ 2፦ ለከፍታው መዘጋጀት

ሮቤ 2,500 ሜትር ገደማ፣ ጎባ ከዚያ ከፍ ያለ፣ ዲንሾ ደግሞ ከ3,000 ሜትር በላይ ናቸው። ወይብ 3,500፣ ሳነቴ 4,000 ሜትር ገደማ ነው፤ ቱሉ ዲምቱ ደግሞ 4,377 ሜትር ላይ ይቆማል፤ ከባሌ ተራሮች ከፍተኛው ጫፍ እርሱ ነው። አዲስ አበባ የሚኖር ሰው ሰውነቱ ከፍታን በመጠኑ የለመደ ስለሆነ ከቆላ ከሚመጣው ይሻላል። ቢሆንም ከአዲስ አበባ በጠዋት ተነሥቶ በዚያው ቀን ሳነቴ ላይ ለማደር መሞከር ሌሊቱን ራስ ምታት ይዞ መንጋት ነው።

የመጀመሪያውን ሌሊት ዲንሾ ይደሩ። በሁለተኛው ቀን ወደ ወይብ ይውጡ። ሳነቴን ለመጨረሻ ያቆዩት። ራስ ምታት፣ የምግብ ፍላጎት ማጣት፣ ማቅለሽለሽና እንቅልፍ ማጣት ሲመጣ መውጣቱን ማቆም፣ ውኃ መጠጣትና ማረፍ ያስፈልጋል። ሰውየው ሲራመድ ከተንገዳገደ፣ ንግግሩ ከተምታታ ወይም ቁጭ ብሎ እያለ ትንፋሽ ካጠረው ግን እስኪነጋ መጠበቅ አይገባም፤ በሌሊትም ቢሆን ወደ ታች ማውረድ ነው። ለብርዱ ብሎ አረቄ መጠጣት ሰውነትን ያሞቀ ይመስላል እንጂ ሙቀት ያስወጣል፤ ከፍታው የሚያመጣውን ሕመምም ያባብሳል።

ደረጃ 3፦ መንገዱን መምረጥ

ከአዲስ አበባ እስከ ዲንሾ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አንዱ መንገድ በባቱና በሻሸመኔ፣ ሌላው በአዳማ፣ በአሰላና በበቆጂ በኩል ይመጣል፤ ሁለቱም ዶዶላ ላይ ከተገናኙ በኋላ አዳባን አልፈው ዲንሾ ይገባሉ። እኔ የአሰላውን እመርጣለሁ፤ የአርሲን ደጋ እያዩ መሄድ ራሱ ከጉብኝቱ ይቆጠራል። ጊዜ ያጠረው ሰው በአውሮፕላን ሮቤ ወርዶ ከዚያ በመኪና ወደ ዲንሾ መመለስ ይችላል።

ከመነሣትዎ በፊት ስለ መንገዱ ሁኔታና ስለ ጸጥታው ዲንሾ ላለው የፓርኩ ጽሕፈት ቤት ወይም ለአካባቢው መሪ ስልክ ደውለው ይጠይቁ። የሳምንት ወሬ ለዛሬ መንገድ አይሆንም። ጥሬ ገንዘብ ሮቤ ላይ ያውጡ፤ ከዚያ በኋላ ያለው ክፍያ ሁሉ በእጅ ነው ብለው ይቁጠሩ።

ወደ ወይብ ሸለቆ የሚገባው የመኪና መንገድ ድንጋያማ ስለሆነ ከመሬት ከፍ ያለ፣ አራቱም ጎማው የሚጎትት መኪና ይፈልጋል። በዝናብ ወቅት እርሱም ቢሆን ይጣበቃል። ጎባን አልፎ ሳነቴን አቋርጦ ወደ ደሎ መና የሚወርደው መንገድ ግን በደረቅ ወራት ለአብዛኛው መኪና ይበገራል።

ደረጃ 4፦ ፈቃድ፣ መሪና ፈረስ

የመግቢያ ክፍያ የሚፈጸመው ዲንሾ በሚገኘው የፓርኩ ዋና ጽሕፈት ቤት ነው። ደረሰኙን ሳይጥሉ ይያዙት፤ ሳነቴ መግቢያ ላይም ይጠየቃል። የአካባቢ መሪ መያዝ ግዴታ ነው፣ ግዴታ ባይሆን ኖሮም ያለ መሪ መሄድ ትርፍ የለውም። የቀበሮው መንጋ የትኛው ኮረብታ ሥር እንዳደረ ትናንት ያየ ሰውና መጽሐፍ ያነበበ ሰው አንድ አይደሉም።

የፈረስ ነገር ግልጽ ውል ይፈልጋል። ለጭነት የሚከራየው ፈረስና የሚነዳው ሰው ክፍያቸው ለየብቻ ነው። ፈረሱ ጭነቱን አድርሶ ባዶውን የሚመለስበት ቀን ይቆጠር እንደሆነ፣ የፈረሰኛው ምግብ ከማን እንደሆነ፣ ቢዘንብ የት እንደሚያድር አስቀድሞ ይነጋገሩ። ይህን ያልተነጋገረ ሰው በመጨረሻው ቀን ጭቅጭቅ ውስጥ ይገባል፤ አብዛኛውን ጊዜም ጥፋቱ የጎብኚው ነው። የዲንሾ አካባቢ ነዋሪ አብዛኛው ሙስሊም ስለሆነ በረመዳን የሚሄድ ሰው የቀኑን መንገድ ማሳጠርና ለማፍጠሪያ ሰዓት ቀድሞ መስፈር አለበት። «አካም ጅርቱ» ብሎ ሰላምታ መስጠትና «ገለቶማ» ብሎ ማመስገን ምንም አያስከፍልም፤ እረኛው ከወተቱ ሊቀዳልዎ ይችላል።

ደረጃ 5፦ ሻንጣ

ስለ ልብስ አንድ ሕግ ብቻ ይበቃል፤ አንድ ወፍራም ከመልበስ ይልቅ ሦስት ስስ መደራረብ። ቀን ላይ እያወለቁ፣ ማታ ላይ እየጨመሩ ይሄዳሉ። የዝናብ ልብስ በበጋም ቢሆን አይቀርም፣ በደጋ ሰማይ ቃል መግባት የለምና። የእጅና የራስ መሸፈኛ፣ ለመኝታ ብቻ ተብሎ የተቀመጠ ደረቅ ካልሲ፣ ውኃ የማያስገባና እግር የለመደው ጫማ ያስፈልጋል። አዲስ ጫማ ገዝቶ ለመጀመሪያ ጊዜ ወይብ ላይ ማድረግ እግርን በውኃ ቋጠሮ ማበላሸት ነው። ጋቢ ይያዙ፤ ማታ እሳት ዳር ሲቀመጡ ከየትኛውም ካፖርት ይበልጣል፣ ከመኝታ ከረጢቱ ላይ ቢደርቡትም ሌሊቱን ያሳልፋል። በዝናብ ጊዜ ግን በፕላስቲክ ጠቅልለው ያስቀምጡት፤ የራሰ ጋቢ ከባድ ነው፣ ቶሎም አይደርቅም።

ፀሐዩን ከብርዱ እኩል ይፍሩት። 4,000 ሜትር ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ ነፋሱ ቀዝቃዛ ሆኖ ሳለ ቆዳ ይቃጠላል። ባለ ክፈፍ ባርኔጣ፣ የፀሐይ መነጽርና የከንፈር ቅባት አይርሱ። የወንዝ ውኃ ንጹሕ መስሎ ቢታይም ከብት የዋለበት ነውና አፍልተው ይጠጡ። ከፍታ ላይ ምግብ ቶሎ ስለማይበስል ሽሮ፣ በሶና ቆሎ ምስርና ባቄላ ከመቀቀል ያድናሉ፤ ጋዝም ይቆጥባሉ። የእጅ ባትሪና ርቀት አቅርቦ የሚያሳይ መነጽር ካልያዙ ግን ጉዞው ግማሽ ነው።

ደረጃ 6፦ ቀኖቹን ማከፋፈል

በመጀመሪያው ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ዲንሾ እንደደረሱ፣ ወደ ጋይሳይ ይሂዱ። በአሥር ሳንቲም ላይ የተቀረጸው ደጋ አጋዘን የሚታየው እዚህ ነው። በሳይንስ ዓለም ስሙ የተመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1910 ነበር፤ ይህን የሚያህል እንስሳ እስከዚያ ድረስ ከተመራማሪ ዓይን መሰወሩ ይገርማል። ወንዱ ቀንዱ እየተጠማዘዘ የሚወጣ፣ ግራጫ ገላው ላይ ነጣ ያሉ ነጠብጣቦች ያሉት ነው። በጠዋትና በማታ ከጫካው ወጥቶ ሣር ሜዳው ላይ ይሰማራል፤ ቀትር ላይ ከጥዱና ከኮሶው ሥር ይጠለላል። የምኒልክ ድኩላና ከርከሮም እግረ መንገድዎን ያገኛሉ።

በሁለተኛው ቀን ወደ ወይብ ይገባሉ። በመኪና ቢሆን የጠዋት ጊዜ ይበቃል፤ በእግርና በፈረስ ግን ቀኑን ሙሉ የሚወስድ፣ ድካሙ ልከኛ የሆነ መንገድ ነው። ፊንጫ ሃበራ ፏፏቴ ላይ ምሳ ይብሉ። አጠገቡ ያለውን የድንጋይ መጠለያ ሳያዩ አይለፉ። እ.ኤ.አ. በ2019 ይፋ የሆነ የአርኪዮሎጂ ጥናት እንዳሳየው ከ47,000 እስከ 31,000 ዓመት በፊት ሰዎች እዚያ ይኖሩ ነበር፤ በዚህ ከፍታ ላይ ከተገኙት የሰው መኖሪያዎች እጅግ ጥንታዊ ከሚባሉት አንዱ ነው። ዋና ምግባቸው እሳት ላይ የተጠበሰ ግዙፍ ፍልፈል ነበር፤ መሣሪያቸውን የሠሩበትን ባልጩት ያመጡት ደግሞ ከፍ ካለው አምባ ነው። የፍልፈሉ ዘር ዛሬም እዚያው ሜዳ ላይ ነው፤ አዳኙ ብቻ ተለውጧል።

ሶዶታ ወይም ኬይረንሳ ሰፈር ላይ ይደሩ። ሦስተኛው ቀን ለቀበሮው ብቻ ይሁን። ተጨማሪ ሁለት ቀን ያለው ሰው ራፉ በሚባለው ቦታ በኩል፣ ቀጥ ብለው በቆሙ የላቫ ዓምዶች መካከል አልፎ በእግሩ እስከ ሳነቴ ሊወጣ ይችላል። ጊዜ የሌለው ወደ ዲንሾ ተመልሶ በመኪና በጎባ ይዞራል።

ደረጃ 7፦ ቀይ ቀበሮን መመልከት

በዓለም ላይ የቀሩት ቀይ ቀበሮዎች 500 ገደማ ሲሆኑ ከግማሽ የሚበልጡት ባሌ ውስጥ ናቸው። ስለዚህ ወይብ ላይ ቀበሮ ማየት የዕድል ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ ሰዓቱን የማወቅ ጉዳይ ነው።

ቀበሮዎቹ ሌሊቱን አንድ ላይ፣ ሜዳ ላይ ተጠቅልለው ያድራሉ። ሲነጋ ይነሡና ይሳሳማሉ፤ ጅራት ይወዛወዛል፣ አፍንጫ ለአፍንጫ ይነካካል፣ ትንንሾቹ በትልልቆቹ ሥር ይልከሰከሳሉ። ከዚያ ተሰልፈው ድንበራቸውን እያሸተቱ ይዞራሉ። ይህን ለማየት 12 ሰዓት ላይ፣ አመዳዩ ሳይቀልጥ፣ ኮረብታ ጥግ ይዞ መቀመጥ ያስፈልጋል። ጭጋግ ካለ ግን አይቸኩሉ፤ ቀበሮው የትም አይሄድም።

ፀሐይዋ ምድሩን ስታሞቅ ነገሩ ይለወጣል። መንጋው ተበትኖ እያንዳንዱ ለብቻው ወደ አደን ይሰማራል፤ ምክንያቱም አይጥና ፍልፈል ከጉድጓድ የሚወጡት ሲሞቅ ነው። ግዙፉ ፍልፈል እስከ አንድ ኪሎ የሚመዝን፣ በዓለም ላይ ከባሌ ተራሮች በቀር የትም የማይገኝ እንስሳ ነው። ከጉድጓዱ ራሱን ብቻ ብቅ ያደርግና ዙሪያውን ያያል፤ ከዚያ ግማሽ አካሉን አውጥቶ ሣሩን በችኮላ እያጨደ በአፉ ይሰበስባል፤ የሚደርስበትን ከጨረሰ አዲስ ቀዳዳ ይከፍታል። ቀበሮው ይህን ያውቃል። ጆሮውን ወደ ፊት ቀስሮ፣ ሆዱን ወደ መሬት አስጠግቶ፣ አንድ እግሩን አንሥቶ ይቆማል፤ ፍልፈሉ አንገቱን ሲያዞር ሁለት እርምጃ ይሄዳል፣ ደግሞ ይቆማል። ይህ ሩብ ሰዓት ሊፈጅ ይችላል። መጨረሻ ላይ ይወረወራል፤ ብዙ ጊዜም ባዶ አፉን ይመለሳል። ከረፋዱ 3 እስከ 5 ሰዓት ባለው ጊዜ አንድ ፍልፈል የሚበዛበት ሜዳ መርጦ ሳይንቀሳቀሱ መቀመጥ ከኮረብታ ኮረብታ ከመንከራተት እጅግ ይሻላል።

ወደ ጉድጓዳቸው አይጠጉ፣ በተለይ ከጥቅምት እስከ ጥር። የተረበሸች እናት ቡችሎቿን በአፏ እያንጠለጠለች ወደ ሌላ ጉድጓድ ታዛውራለች፤ በዚያ ብርድ መንገድ ላይ የሚሞት ቡችላ አለ። ምግብ አይስጡ፣ የተረፈ አጥንትም አይጣሉ። ውሻ ይዞ መግባት ደግሞ ፈጽሞ ክልክል ነው ብለው ይያዙት። የቀበሮዎቹ ትልቁ ጠላት ከቤት ውሻ የሚመጣው የእብድ ውሻ በሽታ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2003 በወይብ በተነሣው ወረርሽኝ ከሸለቆው ቀበሮዎች አብዛኞቹ አልቀዋል። ያለ ፈቃድ ድሮን ማስነሣትም እንዲሁ ነው፤ ቀበሮውም ንስሩም ይሸሻል፣ መሪዎም ይቀጣል።

ደረጃ 8፦ ሳነቴና ሐረና

ከጎባ ተነሥተው በጠዋት ይውጡ። መንገዱ መጀመሪያ በጥድና በኮሶ፣ ቀጥሎ በአስታ ቁጥቋጦ ውስጥ ያልፍና በድንገት ዛፍ የሚባል ነገር የሌለበት አምባ ላይ ያወጣል። ብቸኛው ቁመት ያለው ተክል ጅባራ ነው። ለብዙ ዓመታት ቅጠሉን ብቻ ዘርግቶ ይቆይና አንድ ጊዜ ከሰው ቁመት እጥፍ በላይ የሆነ የአበባ ዘንግ አውጥቶ ይሞታል፤ ስለዚህ የደረቀውን ግንድ ሲያዩ በሽታ የገደለው እንዳይመስልዎ። ቅጠሎቹ ሌሊት ተሰብስበው እምቡጡን ከውርጭ ይከልሉታል፤ ማልዶ የደረሰ ሰው ገና ተከድነው ያገኛቸዋል።

መኪናው በዝግታ ይሂድ። ቀበሮ መንገዱን ያቋርጣል፣ ጥንቸልም እንዲሁ። ቱሉ ዲምቱ ጫፍ ድረስ የመኪና መንገድ አለ፤ ይሁንና ከግርጌው ወርዶ በእግር መውጣት ይሻላል፣ ቀስ ብሎ ከሆነ። ከቀትር በኋላ ነፋሱ ስለሚበረታ እስከ 6 ሰዓት ወርደው ይጨርሱ።

ከአምባው ጫፍ ወደ ሪራ መንደር የሚወርደው ጠመዝማዛ መንገድ ላይ ፍሬኑን አደራ፤ በዝናብና በጭጋግ ጊዜ ባይሄዱበት ይመረጣል። በአንድ ሰዓት ውስጥ ከብርዱ ወጥተው ሽበት የመሰለ ነገር ከተንጠለጠለበት የአስታ ዛፍ፣ ከዚያም ቀርከሃና ጥቅጥቅ ካለ ጫካ ውስጥ ይገባሉ። ከሐረና የሚወጣው ማርና የጫካ ቡና ጥሩ ነው፤ ከአምራቹ ከራሱ ይግዙ። ከቀርከሃው አካባቢ የሚገኘው የባሌ ጦጣ ዓይን አፋር ስለሆነ መሪዎን ሳይዙ አይፈልጉት።

ደረጃ 9፦ አንድ ቀን ከተረፈ

ወንዙን ተከትሎ መውረድ ለሚፈልግ ሰው ወይብ ራሱ መንገዱን ያሳየዋል። ከሮቤ በስተ ምሥራቅ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ወንዙ በሶፍ ዑመር ዋሻ ውስጥ ይገባና ከመሬት በታች ይጓዛል። እዚያ ሞቃት ቆላ ነው፤ የሳነቴውን ልብስ ሮቤ ላይ ይተዉት። ዋሻው ውስጥ ወንዙን ደጋግሞ መሻገር ስላለ መግባት የሚቻለው ውኃው በሚቀንስበት በበጋ ብቻ ነው፤ በዝናብ ወራት ከአፋፉ አይቶ መመለስ ነው። ቦታው ለሙስሊሙ ኅብረተሰብ ቅዱስ ስፍራ ስለሆነ ጨዋ ልብስ ይልበሱ፤ የአካባቢውን ሰው ለመሪነት ይያዙ፤ ለእያንዳንዱ ሰው የራሱ ባትሪ፣ ለሁሉም አንድ መጠባበቂያ ይኑር።